ብነካቸው እጠየቃለሁ ብዬ ፈራሁ

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ከአጎቴ ጋር ነው የምኖረው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ብዙ ዘመን ኖረው፣ ወገባቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ በኋላ “አገሬ ገብቼ ልረፍ” ብለው መጡ። ልጆቻቸው እዚያው ናቸው። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁንም በቤታቸው ነው ያለሁት።

ለወገባቸው ኦክሲኮዶን የሚባል ኪኒን ይወስዳሉ። ሲመጡ ከኪኒኑ ጋር አንዲት ትንሽ ካርቶን ይዘው መጥተዋል። ውስጧ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ሁለት ፍሬ መድኃኒት አለ፣ ናሎክሶን ይባላል። ልጃቸው ከቨርጂኒያ ደውላ “አባዬ ኪኒኑ በዝቶበት ትንፋሹ ከደከመ አፍንጫው ውስጥ ርጪው። አትፍሪ፣ ሕግ አለ፣ ማንም አይነካሽም” አለችኝ። እሺ ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

በሚካኤል ዕለት ማኅበር ነበራቸው። ጠላም አረቄም ቀምሰው ገቡ። ማታ እራት ላቀርብ ስገባ ሶፋው ላይ ተጋድመው ያንኮራፋሉ። ማንኮራፋቱ ግን የወትሮው አይደለም። ጉሮሯቸው ውስጥ ውኃ ያለ ይመስላል፤ ደግሞ ቀጥ ይልና ቆይቶ ይመለሳል። ብጠራቸው አይሰሙም፣ ብነቀንቃቸውም አይሰሙም። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ሮጬ ካርቶኑን አመጣሁ። ከዚያ ይዤው ቆምኩ። መርጨት አቃተኝ።

ጮህኩ፣ ጎረቤት ደረሰ። እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ጠበል ረጩባቸው። ሌላዋ ክብሪት ጭራ አሸተተቻቸው። ወተት አምጡ የሚልም ነበር። መድኃኒቱን ሳሳይ አንድ የሰፈራችን አዛውንት “ልጄ፣ አንቺ ሐኪም አይደለሽም። አንድ ነገር ቢሆኑ ‘ምን ሰጠሻቸው?’ ተብለሽ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ጣቢያ ማን ይቆምልሻል? እጅሽን ሰብስቢ” አሉኝ። ሰበሰብኩ።

ባጃጅ ተገኝቶ ሆስፒታል ገባን። መርፌ ወጓቸው፣ ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸውን ገለጡ። ሐኪሙ እጄ ላይ ያለውን ካርቶን አየና “ይህ እያለሽ?” አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ያቺ ቃል ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ጋሼ አሁን ደህና ናቸው። የሆነውን ብዙም አያስታውሱትም፣ “ድካም ነው” ይላሉ። ኪኒኑንም አረቄውንም አልተዉም። ለልጃቸው አልነገርኳትም። ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። ረጭቼባቸው ቢሞቱ ኖሮ እጠየቅ ነበር? የአሜሪካው ሕግ እዚህ ይሠራል? ነገ ቢደገምስ? ጋሼንስ እንዴት ላናግራቸው? በቤታቸው የምኖር ልጅ ነኝ፣ “ጠጡ፣ አትጠጡ” የምልበት አፍ የለኝም።

ም. ነኝ፣ ከባሕር ዳር

ውድ እህቴ፣

ጋሼ በሕይወት ስላሉ ተመስገን። አንቺም ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ራስሽን የከሰስሽበት ቦታ ላይ ስደርስ ሆዴ ተላወሰ።

እስቲ ያን ማታ አብረን መለስ ብለን እንየው። ማንኮራፋቱ የወትሮው እንዳልሆነ የለየሽው አንቺ ነሽ። ከንፈራቸውን ያየሽ፣ የጮህሽ፣ ካርቶኑን ይዘሽ ባጃጅ ላይ የወጣሽው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው ቢሆን “ጠጥተው ነው፣ ይተኙ” ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ሊወጣ ይችል ነበር። ኪኒን የበዛበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተውም እንደዚያ ነው፣ ተኝቷል ተብሎ። ሐኪሙ “ይህ እያለሽ?” ያለሽ ደንግጦ ይመስለኛል። ግን አንድም ሰው መድኃኒቱን እጅሽ ላይ አስይዞ እንዴት እንደሚረጭ አላሳየሽም። በስልክ “አትፍሪ” መባል ብቻውን የማንንም እጅ አያጸናም።

ያስቆሙሽንም አዛውንት አልወቅሳቸውም። መኪና የገጨውን ሰው አንስቶ ሆስፒታል ያደረሰ ሰው “አንተ የት ነበርክ? ማን ገጨው?” እየተባለ ጣቢያ ሲውል ያልሰማ የለም። ፍርሃታቸው ከኑሮ የመጣ ነው። ለአንቺ አስበው ነው የተናገሩት። ግን መጠየቅ ሌላ ነው፣ መከሰስ ሌላ ነው፣ መቀጣት ደግሞ ሌላ። ያን ማታ ሦስቱም አንድ ላይ ተደባልቀው ነው እጅሽን የያዙት። አንድ በአንድ እንለያቸው።

የአጎትሽ ልጅ የነገረችሽ እውነት ነው። ግን የቨርጂኒያ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ጓደኛው ዓይኑ እያየ ትንፋሹ ሲቆም፣ ፖሊስ ይመጣል ወይም እከሰሳለሁ ብሎ ሳይደውል ይቀር ነበር። እንዳንቺው እጁን የሰበሰበ ሰው እዚያም ሞልቷል። ኒው ሜክሲኮ የምትባለው ግዛት በ2001 (በፈረንጆቹ) ናሎክሶን በቅን ልቦና የሰጠ ሰው እንዳይጠየቅ የሚል ሕግ ከሁሉም ቀድማ አወጣች። በ2007 ደግሞ እርዳታ ጠርቶ የደወለው ሰው በቦታው ዕፅ ስለተገኘ ብቻ እንዳይከሰስ ጨመረች። ሌሎቹ ግዛቶችም እየተከተሉ ሄዱ። ቨርጂኒያ በቅን ልቦና ናሎክሶን የሰጠን ሰው ከካሳ ክስ ትከልላለች፤ የሚደውለውን ሰው የሚጠብቀውን ሕግ በ2015 አውጥታ በ2020 አጠንክራዋለች። እዚያም ቢሆን ከለላው ልክ አለው። ሆን ብሎ የጎዳን ወይም ከባድ ቸልተኝነት የፈጸመን ሰው አይሸፍንም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ እንደ ጋሼ ካርቶን ያለው የአፍንጫ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ እዚያ ተፈቅዷል። ልጃቸው እንደ ቀላል ነገር ያወራችሽ ለዚህ ነው። ለእሷ ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚነሳ ዕቃ ነው።

ያ ሕግ ግን ከቨርጂኒያ ተነስቶ ሽምብጥ ድረስ አይመጣም። እኛ ጋ “ናሎክሶን የሰጠ ሰው አይጠየቅም” የሚል በስሙ የተጻፈ አንቀጽ የወንጀል ሕጋችን ውስጥ የለም። ይህን ሳልሸፍን ልንገርሽ።

ያለው ግን ቀላል አይደለም። የ1996ቱ (በእኛ አቆጣጠር) የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 ሕይወቱ ወይም ጤናው በቀረበና በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራስም በሌላም ላይ አደጋ ሳያመጡ መርዳት እየተቻለ ሆን ብሎ ጥሎ መሄድን ያስቀጣል። ቅጣቱ እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። አትደንግጪ፣ አንቺን አይነካሽም። ሕጉ እርዳታው በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ ይቆጥረዋል። ጮኸሽ ሰው ጠርተሻል፣ ሆስፒታል አድርሰሻል። አንቀጹን ያነሳሁት ሕጋችን ፊቱን ወዴት እንዳዞረ እንድታዪ ነው። የአገራችን ሕግ “እጅሽን ሰብስቢ” አይልም። “እርጂ” ነው የሚለው።

አንቀጽ 75ም አለ። የራስን ወይም የሌላን ሰው መብት ከቀረበና ከከባድ አደጋ ለማትረፍ፣ ሌላ መንገድ በጠፋበት ሰዓት፣ በተመጣጣኝ መንገድ የተደረገ ድርጊት አያስቀጣም። በቸልተኝነት ጎድታለች የሚል ቢነሳ እንኳ አንቀጽ 59 የሰውየውን ዕድሜ፣ የሕይወት ልምድ፣ ትምህርትና ሥራ ይመለከታል። ካንቺ የነርስ እጅ አይጠብቅም።

“ረጭቼባቸው ቢሞቱስ?” ላልሽው ዋናው መልስ ግን ያለው ከመድኃኒቱ ጠባይ ላይ ነው። ናሎክሶን አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1971 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ሥራውም አንድ ነው። ኦክሲኮዶን፣ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና የመሳሰሉት አንጎል ውስጥ ገብተው የሚይዙትን ቦታ ይነጥቃቸዋል። ያኔ ትንፋሽ ይመለሳል። ሱስ አያስይዝም። ሰውየው እነዚህን መድኃኒቶች ካልወሰደ፣ ለምሳሌ ስኳር ወርዶበት ወይም መጠጥ ብቻ ከብዶት ከሆነ፣ ናሎክሶኑ አይጠቅመውም፣ ግን አይጎዳውም። ተሳስተሽ ብትረጪ የምታጠፊው አንድ ፍሬ መድኃኒት ነው። ሳትረጪ ብትቀሪ ግን ትንፋሽ ለቆመበት ሰው ደቂቃዎች ብቻ ናቸው ያሉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 (በፈረንጆቹ) ባወጣው መመሪያ ይህ መድኃኒት ሐኪም ባልሆኑ፣ ኦቨርዶዝ (መድኃኒት የበዛበት ሰው) ሊያጋጥማቸው በሚችል ሰዎች እጅ እንዲገባና አጠቃቀሙንም እንዲማሩ የመከረው ለዚህ ነው። ያ መመሪያ የሚያወራው እንዳንቺ ስላለ ሰው ነው።

አንድም ፖሊስ አንድም ጥያቄ አይጠይቅሽም ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ሰው ሲሞት መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ብትረጪም ባትረጪም። ግን “ምን ሰጠሻቸው?” ቢሉሽ የምትሰጪው መልስ አለሽ፤ ካርቶኑን ታሳያለሽ፣ ሰዓቱን ትናገሪያለሽ፣ ሆስፒታል ያደረስሻቸው መሆኑ ተመዝግቧል። ልብሽ አሁንም ካልረጋ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሄደሽ ይህንኑ ጥያቄ አቅርቢላቸው። የእኔን ወረቀት ከማንበብ ፊት ለፊት መጠየቅ ይሻልሻል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ያን ማታ እጅሽን የያዘው ፖሊሱ ብቻ ነበር? ወይስ “አሳድገዋት፣ አስተምረዋት፣ አንድ ነገር ሰጥታ ገደለቻቸው” የሚል የዘመድ አፍ ጭምር? ደብዳቤሽ ውስጥ “በቤታቸው የምኖር ልጅ ነኝ” የምትለዋን ሐረግ ሳነብ ይህ ነው የመጣብኝ። ከዘመድ አፍ የሚከልል ሕግ ቨርጂኒያም የለም። ከእሱ የሚከልልሽ የጋሼ የራሳቸው ቃል ነው፤ ቀድሞ የተነገረ፣ ሰው የሰማው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለልጃቸው ደውዪላት። ዛሬ። የሆነውን ሳትቀንሺ ንገሪያት፤ መርጨት እንዳቃተሽም ጭምር። ትቆጣ ይሆናል፣ ታለቅስም ይሆናል። ግን አባቷ ናቸው፣ ማወቅ አለባት። ይህን ለብቻሽ ተሸክመሽ ሌሊት እየተነሳሽ ትንፋሽ ማዳመጥ ያንቺ ብቻ ዕዳ አይደለም።

ከዚያ ጋሼን አናግሪ። ጠጥተው በገቡበት ቀን አይሁን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና እየፈላ፣ ልጃቸው በስልክ መስመር ላይ ሆና ቢሆን ጥሩ ነው። ስለ አረቄው አትጀምሪ። ስለ ራስሽ ጀምሪ። “ጋሼ፣ ያን ቀን ከንፈርዎ አመድ መስሎ አየሁ። የሞቱ መሰለኝ። መድኃኒቱ እጄ ላይ እያለ ፈርቼ ቆምኩ። ድጋሚ እንዲህ ቢሆን ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ?” በያቸው። ሰውየው “ድካም ነው” ብለው የሚያልፉት አፍረው ይመስለኛል። በማኅበር ቀን ራስን ስቶ በጎረቤት ሸክም መውጣት ለአንድ የተከበሩ ሰው ከባድ ነው። ክብራቸውን ሳትነኪ ከጠየቅሻቸው የሚመልሱልሽ ይመስለኛል።

“ርጪ” ካሉሽ እዚያው ላይ ጻፉት። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ኪኒኑን በሐኪም ትእዛዝ እንደሚወስዱ፣ ራሳቸውን ስተው ትንፋሻቸው ቢደክም ቤት ያለ ሰው ናሎክሶን እንዲረጭላቸውና ሆስፒታል እንዲያደርሳቸው መፍቀዳቸውን ይጻፉና ይፈርሙ። ከምስክሮቹ አንዱ ያ “እጅሽን ሰብስቢ” ያሉሽ አዛውንት ቢሆኑ ደስ ይለኛል። እትዬም ሁለተኛዋ ይሁኑ። ወረቀቱ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ሁሉን አይዘጋም። ግን ቅን ልቦናሽን ያሳያል። ነገ ሌሊት ያ አዛውንት በሩ ላይ ሲደርሱም የሚሉት ነገር ሌላ ይሆናል።

አረቄው ላይ ያንቺ አፍ ባይደርስ የሌላ ይደርሳል። የንስሐ አባታቸው አሉ፣ ሐኪም አለ። የኪኒኑን ዕቃ ይዛችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሄዳችሁ በካርዳቸው ላይ ይመዝገብላቸው። ሐኪሙ ኪኒኑና አልኮሉ ሁለቱም ትንፋሽን እንደሚያደክሙ ሲነግራቸው ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ይቀበሉታል። ኪኒኑን ግን በድንገት ያቁሙ እንዳትይ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወስዱት ለቆዩ ሰዎች በድንገት ማቆም የራሱ ሕመም አለው። እሱን ሐኪሙ ቀስ እያለ ይወስን።

አሁን ወደ እጅሽ እንመለስ። ካርቶኑን አውጪና የማብቂያ ቀኑን እዪ። ከቁም ሣጥን አውጥተሽ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ሙቀትና ፀሐይ የማይመታው ቦታ አስቀምጪው፤ ምድጃ አጠገብ አይሁን። አንዱ ፍሬ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ለሙከራ ብለሽ እንዳትጫኚው። አያያዙን ግን በማሸጊያው ላይ ካለው ሥዕል ተለማመጂ። ልጃቸውም በቪዲዮ ታሳይሽ።

ያ ማንኮራፋት ከመጣ ስማቸውን ጮክ ብለሽ ጥሪ። የደረታቸውን መሐል አጥንት በጣትሽ አንጓ ጠንከር አድርገሽ ፈትጊ። ካልነቁና ትንፋሻቸው ከራቀ ወይም ከቆመ፣ ወይ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው አመድ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ አትጠብቂ። በጀርባቸው አስተኚ፣ አንገታቸውን በእጅሽ ደግፈሽ ራሳቸውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጊ። ጫፉን በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ጣቶችሽ አፍንጫቸውን እስኪነኩ አስገቢና እስከ መጨረሻው ተጫኚው። ሌላው ሰው የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ይደውል፣ ወይም ባጃጅ ያስቁም። ትንፋሽ ከሌለ አገጫቸውን ቀና አድርገሽ፣ አፍንጫቸውን ይዘሽ በየ5 ሰከንዱ አንዴ አፋቸው ውስጥ ተንፍሺ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይተሽ ካልተመለሱ ሁለተኛውን ፍሬ በሌላው ቀዳዳ ርጪ። መተንፈስ ሲጀምሩ በጎናቸው አስተኚ።

እትዬ ጠበል መርጨት ከፈለጉ ይርጩ፣ አትከልክያቸው። መድኃኒቱ ግን ይቅደም። ወተት ግን በፍጹም፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ ሳንባ ነው የሚሄደው። ክብሪቱም አይጠቅምም።

ሲነቁ ሊቆጡሽ ይችላሉ። ሊያስመልሳቸው፣ ሊንቀጠቀጡ፣ “ምን አደረግሽኝ?” ሊሉሽ ይችላሉ። መድኃኒቱ ሕመም ማስታገሻውን በአንዴ ስለሚነጥቅ ነው። አይክፋሽ። “ዳንኩ፣ አልሄድም” ቢሉም ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ኪኒኑ ከዚያ በላይ ሊቆይና እንደገና ትንፋሻቸውን ሊይዘው ይችላል። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የምታነቡ ሌሎችም፣ ሰፈር ውስጥ ያለ ማዘዣ የሚዞረው ትራማዶል ከዚሁ ወገን ነው። ትንፋሽ ላይ ናሎክሶን ይረዳዋል፤ የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ ግን አያቆምም። ስለዚህ እዚያም ላይ ወደ ሆስፒታል መሮጡ አይቀርም።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ ጠጥተው የገቡ ቀን ጎናቸው ላይ አስተኝተሽ ደጋግመሽ እያቸው። በሌሎቹ ቀናት ግን ተኚ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እጁም ሐሳቡም ይደክማል። ልጃቸው ከቨርጂኒያ ሌላ ሁለት ፍሬ በሰው እጅ እንድትልክ ጠይቂያት፤ አንዱን ካርቶን እትዬ ቤት ብታስቀምጪው፣ አንቺ ገበያ ሄደሽ ብትቆዪ እንኳ የሚያውቅ ሰው ይኖራል።

ከጋሼ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ያሉሽን ጻፊልኝ። “አያስፈልግም፣ ተይኝ” ቢሉሽም ጻፊልኝ። ያኔ በማን በኩል እንደምንሄድ፣ በንስሐ አባታቸው ይሁን በልጃቸው ወይም በሐኪሙ፣ አብረን እናየዋለን።